ሰንበቴ፤ በተራ የሚሰጥ ምጽዋት

ደብረ ታቦር በታሪክ መጽሐፍ ስትነሣ የምትታወቀው በመኳንንትና በነገሥታት ነው። የየጁው ራስ ጉግሣ እንደ ቈረቈሯት፣ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ እንደ ገዙባት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያዋ በጋፋት መድፍ እንዳሠሩ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም እንደ ከተሙባት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ እውነት ነው፤ ሊነገርም የሚገባው ነው። ነገር ግን መኳንንቱ ግብር ባበሉበት በዚያው አገር፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ በሚገኙት አጥቢያዎች፣ ገበሬውና ሸማኔው፣ ባልቴቲቱና ካህኑ ከነርሱ ጓዳ የወጣ ሌላ ግብር ሲያበሉ ኖረዋል። የዚህ ግብር ስሙ ሰንበቴ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ አልጻፈውም፤ ዜና መዋዕልም አልተሠራለትም። ይሁን እንጂ በአገራችን ለድኻ የሚሆነውን ነገር ሰብስቦ በማከፋፈል ከሰንበቴና ከወንድሙ ከጽዋ ማኅበር ይልቅ ወደ ቤታችን የቀረበ ድርጅት ያለ አይመስለኝም።

እኔ የተወለድሁት በፋርጣ ምድር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አጥቢያ ነው። አባቴ የሰንበቴው አባል ነበሩ፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ተራውን እናቴ ተቀበሉ፤ ዛሬ ደግሞ ተራው በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ከሩቅ የሰማሁትን ብቻ ሳይሆን ከልጅነቴ ጀምሮ የቀመስሁትንም ነው።

በከተማ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ሲባል የሰንበቴን ሥርዓት ባጭሩ መግለጽ ይገባል። ሰንበቴ ማለት የአንድ አጥቢያ ምእመናን በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የሚያደርጉት የፍቅር ማዕድ ነው። በቅጽሩ አንድ ወገን ሰንበቴ ቤት የሚባል፣ በግድግዳው ዙሪያ መደብ የተሠራለት ቤት ይገኛል። የዕለቱ ባለ ተራ ዳቦውን፣ ንፍሮውንና ጠላውን ወደዚያ ያመጣል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ማዕዱን ከባረከ በኋላ ዳቦው ይቈረሳል፤ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች ድርሻቸው ይወጣል፤ አባላቱም ይቀምሳሉ። በመጨረሻ የሚቀጥለው ባለ ተራ ተነሥቶ ጽዋውን ይረከባል። ሙሴ የተባለው አለቃ ተራውን ይቈጥራል፤ የተጣላ ቢኖር ያስታርቃል፤ የታመመውን ያስጠይቃል። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ዕለት፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሚደረገው ነው። ሥርዓታቸው ጥቂት ቢለያይም የሁለቱም መሠረት ተራ ነው።

ይህን ሥርዓት አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልያዙትም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ በ16ኛው ምዕራፍ፣ ለኢየሩሳሌም ድኾች የሚላከው ገንዘብ እርሱ በመጣ ጊዜ በችኮላ እንዳይሰበሰብ፣ እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ዐቅሙ እንዲያስቀምጥ አዝዟል። ደግሞም በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ከመጀመሪያዎቹ የቤተ ክርስቲያን አቤቱታዎች አንዱ የማዕድ ነገር ነበር፤ በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ባልቴቶች ተዘንግተው ስለ ተገኙ ሰባቱ ዲያቆናት ተመረጡ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ሰንበቴን ከሌላው ምጽዋት የሚለየው ምንድር ነው? ሰው ልቡ ሲነካ ይሰጣል፤ ልቡ ሲቀዘቅዝ ይተዋል። ሰንበቴ ግን የሰውን የልብ ሙቀት አይጠብቅም። አባላቱ 52 ቢሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ እሑድ ይደርሰዋል፤ 26 ቢሆኑ ሁለት እሑድ ይደርሰዋል። ባለ ተራው ደስ ቢለውም ቢከፋውም ዳቦው በዕለቱ መገኘት አለበት። በደጀ ሰላም የተቀመጠው ነዳይም ማን እንደሚሰጠው ሳያውቅ እንደሚሰጠው ግን ያውቃል። ከዚህም በላይ፣ ዛሬ ያበላ ሰው በሚቀጥለው እሑድ በጎረቤቱ ማዕድ ተቀምጦ ይበላልና ለመስጠት የሚኰራ፣ ለመቀበልም የሚያፍር አይኖርም።

የሰንበቴና የማኅበር ፍሬ በማዕድ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቤት የተቃጠለበትን አባል አባላቱ እንጨትና ሣር አዋጥተው ይሠሩለታል፤ በሬ የሞተበትን በደቦ ያርሱለታል፤ ሐዘን የደረሰበትን ያጽናኑታል። ስለ ትምህርትም ያደረገው ነገር ቀላል አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባ ሁለቱም በዚሁ በጋይንት አገር ይገኛሉ። ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጃፉ በሚለምነው ቍራሽና በየዝክሩ በሚደርሰው ድርሻ ነው የተማረው። ስለዚህ የድጓውን ዜማ ስንሰማ ከመሪጌታው ድካም ጋር የዚያን አገር እናቶች ምጣድ ማስታወስ ይገባናል።

የሰንበቴን ሸክም የለወጡ ሁለት ነገሮች በእኛ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ተከታትለው መጡ። አንደኛው በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ታውጆ የሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እንዲቋቋም መደረጉ ነው። በዚህም ምእመናን ተመዝግበው ቤተ ክርስቲያናቸውን በገንዘባቸው የሚረዱበትና አስተዳደሯንም ከካህናት ጋር የሚካፈሉበት መንገድ ተከፈተ። ሁለተኛው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ካህናቱና ደብተሮቹ ይተዳደሩበት የነበረው የሰሞን መሬት በዚህ አዋጅ ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መቅደሱን የሚያጥነውና የሚቀድሰው ካህን፣ ሕፃናቱን ፊደል የሚያስቈጥረውም መምህር የሚኖሩት በአጥቢያው ሕዝብ መዋጮ ሆነ። የሰበካ ጉባኤው ሥርዓት አስቀድሞ ባይዘረጋ ኖሮ ያ ጊዜ ከዚያ የከፋ ይሆን ነበር።

በከተማ በኩል ደግሞ እድር ተስፋፋ። እድር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ በተለይም ከጣልያን ወረራ ወዲህ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች የገባ የመቃብርና የሐዘን መረዳጃ ነው። አባሉ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሞት በደረሰበት ጊዜ ድንኳኑ፣ ገንዘቡና ሰው ሁሉ ይቀርብለታል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም በእድር የሚረዳው የከፈለው ነው። ሰንበቴ ግን ስሙ በመዝገብ ለሌለ መንገደኛና ነዳይም ድርሻ ያወጣል፤ የሁለቱ ልዩነት በዚህ ይታወቃል።

የሰንበቴን ምስጋና ብቻ ተናግሬ የዐቅሙን ወሰን ብደብቅ ግን እውነትን ማጕደል ይሆንብኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቁና ርኀቡ በጠና ጊዜ እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ እናቴ የነገሩኝን እጽፋለሁ። በመጀመሪያ ዳቦው ቀርቶ ንፍሮ ብቻ ቀረበ፤ ቀጥሎ ንፍሮው ወደ እፍኝ ወረደ፤ በመጨረሻም ባለ ተራው በጽዋው ውኃ ቀድቶ ካህኑ ባረከው፤ ያንኑ ቀምሰው ተለያዩ። ጽዋውን ግን የሚረከብ ሰው አልጠፋም። ተራ የሚረዳው አንዱ ሲያጣ ሌላው ሲኖረው ነውና፣ ሁሉም ባንድነት ባጣ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት ሊደርስ አልቻለም። በአገራችን በእብናት በተቋቋመው የእርዳታ መጠለያ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ርኀብተኛ ተሰብስቦ ነበር፤ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ያ ሕዝብ በመንግሥት ሰዎች ትእዛዝ በግድ እንዲበተን ተደርጎ መጠለያው መቃጠሉ በታሪክ የተመዘገበ ሐዘን ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ዘፋኞች ተሰብስበው፣ ላይቭ ኤድ በተባለው ትርኢት ለኢትዮጵያ ርኀብተኞች ከዓለም ሕዝብ ብዙ ገንዘብ ሰበሰቡ። የሩቅ ሰው ርኅራኄ በእንዲህ ያለ ቀን ያስፈልጋል፤ ልናመሰግነውም ይገባል።

ከዚያ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የአማራ ልማት ማኅበር ተቋቋመ። ብዙ ሰው በአጭሩ አልማ ብሎ የሚጠራው ይህ ማኅበር ከገበሬው፣ ከመንግሥት ሠራተኛውና ከነጋዴው መዋጮ እየሰበሰበ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በማሠራት ይታወቃል። እንግዲህ በዘመናችን ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ እንደ ሰንበቴ በተራ፣ ሁለተኛው እንደ እድርና እንደ አልማ በመዋጮ፣ ሦስተኛው በቴሌቪዥንና በአደባባይ በሚሰማ ጥሪ ነው። ጥሪው ባንድ ቀን ብዙ ያመጣል፤ ነገር ግን ጩኸቱ ሲያበቃ ይቆማል። መዋጮው ትልቅ ሕንፃ ያቆማል፤ ነገር ግን ከፋዩ ገንዘቡ የደረሰበትን ሰው ፊት አያይም። ተራው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አያቋርጥም፤ ሰጪውንና ተቀባዩንም ባንድ መደብ ያስቀምጣል። ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራለት አይችልም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ንፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ፣ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር ወገን ተሰደደ። ጥቂት ቤተሰቦች በእኛም አጥቢያ ዐረፉ። የዚያን እሑድ ባለ ተራ የነበረው ሰው ለአንድ ቀን ያሰበውን ሊጥ ከጎረቤቶቹ በተጨመረ ዱቄት እጥፍ አድርጎ አስጋገረ። ማን ምን ያድርግ የሚል ስብሰባ አላስፈለገም፤ ባለ ተራው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና። የተዘጋጀ ሥርዓት በክፉ ቀን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ ያን ቀን አየሁ።

ይህን ያህል ካልሁ ዘንድ አሁን ሰንበቴን ስላገኘው ፈተና እናገራለሁ። ፈተናው ሁለት ነው፤ ሁለቱም በእኛ አጥቢያ ደርሷል።

የመጀመሪያው የድግስ መብዛት ነው። አንዱ ባለ ተራ ሁለት ዳቦ ካቀረበ የሚቀጥለው ሦስት ያቀርባል፤ ያኛው ጠላ ከጠመቀ ይህኛው ጠጅና የጠርሙስ መጠጥ ይጨምራል። በዚህ ላይ የእህል ዋጋ እየናረ ሲሄድ ተራ መድረስ ለድኻው እንደ ዕዳ ቀን ሆነበት። ሁለተኛው የሰው መራቅ ነው። ወጣቶቻችን ለሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ተራቸው በደረሰ ጊዜ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር ገንዘብ ይልካሉ። ልባቸው ከአጥቢያቸው አለመለየቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሲመጣ እህሉን የሚያስፈጭ፣ ዳቦውን የሚጋግር፣ ጽዋውን ተነሥቶ የሚረከብ ሰው ይጠፋል። ከገበያ በተገዛ ዳቦ ያለፉ እሑዶች ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰንበቴያችን ውስጥ የነበረች አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴ ቤት መግባት ትታ በቀጥታ ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች። ማንም ልብ አላለም። የነፍስ አባቷ ግን ልብ ብለው ጠየቋት። እርሷም፣ “አባ፣ ምን ልበልዎ፤ ተራዬ በደረሰ ቍጥር ለልጆቼ የዘር እህል ያስቀመጥሁትን አውጥቼ ነው የደገስሁት። አሁን እርሱም የለ። ሳልደግስ በሰው ማዕድ መቀመጥ ደግሞ ከበደኝ” አለቻቸው። ያች ሴት በአጥቢያው ከሚገኙት ሁሉ ይልቅ ሰንበቴው የሚያስፈልጋት ነበረች፤ የወጣችውም ስለ ሰንበቴው ነው። አስቀድሜ እንዳልሁት፣ ባልቴቶች ከማዕድ ስለ ተዘነጉ ሐዋርያት ዲያቆናትን መረጡ፤ በእኛ ዘንድ ግን ማዕዱ ራሱ በክብደቱ ባልቴቲቱን አስወጣ።

ካህኑ ስሟን ሳይጠሩ ነገሩን ለሰንበቴው ጉባኤ አቀረቡ። አንዱ፣ “ችግረኛ የሆነውን ከተራ ነጻ እናድርግ” አለ። ሌላው፣ “ከነዳያን ጋር ድርሻዋ ይውጣላት” አለ። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ግን ተነሥተው፣ “ልጆቼ፣ ነጻ እናድርጋት ማለት በደግ ቃል እናስወጣት ማለት ነው። የሚያበላ ሰው ነበረች፤ ለምን የሚበላ ብቻ እናደርጋታለን?” አሉ። ጉባኤው ጥቂት ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ “ድግሱ ቢቀነስ በረከቱ ይቀነሳል፤ ሰንበቴያችንም በሌላው አጥቢያ ዘንድ ይናቃል” ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ሦስት እሑድ ፈጀ።

በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር በመዝገብ ተጽፎ ሁላችንም ፈረምንበት። ባለ ተራ የሆነ ሁሉ፣ ሀብታምም ቢሆን፣ ከሁለት ድፎ ዳቦ፣ ከአንድ ሌማት ንፍሮና ከአንድ እንስራ ጠላ በላይ እንዳያቀርብ ተወሰነ። ከዚህ በላይ መስጠት የሚወድ ሰው ትርፉን በሣጥን ውስጥ ያስገባል። ሣጥኑ ሦስት ቍልፍ አለው፤ አንዱ በሙሴው፣ አንዱ በካህኑ፣ አንዱ በአንዲት ሴት አባል እጅ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። ገንዘቡ የሚወጣው ለታማሚ መታከሚያ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ደብተርና ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ነው። በሩቅ ያለ አባል ገንዘብ ሲልክ ደግሞ፣ በአጥቢያው ካሉት ዐቅም ካነሳቸው አባላት አንዱ ያንን ገንዘብ ተቀብሎ ማዕዱን ያዘጋጃል፤ ጽዋውንም ይረከባል። ተራው ለላከውም ላዘጋጀውም ይቈጠራል።

ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የተጠየቀችው ያችው ባልቴት ነበረች። ሙሴው ቤቷ ድረስ ሄደው ነገሩን ሲያስረዷት ወዲያው እሺ አላለችም። “እንደ ጋጋሪ ልትቀጥሩኝ ነው?” ብላ ጠየቀች። ሙሴውም፣ “የለም እኅቴ፣ ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ድካሙ የአንቺ ነው፤ ጽዋው የሁለታችሁ ነው። በመዝገቡም ስማችሁ ጐን ለጐን ይጻፋል” አሏት። በመዝገቡ ተጽፎ ካየች በኋላ ተቀበለች። አዲስ አበባ ያለው ሰውም ይህን በሰማ ጊዜ እናቱ በሕይወት ሳሉ ከዚህች ሴት ጋር አብረው ይጋግሩ እንደ ነበር አስታውሶ ደውሎ አመሰገናት። ዛሬ ለዓመት በዓል ወደ አገሩ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው እርሷ ቤት ነው። ያ ተከራካሪ ሽማግሌም በዚያች እሑድ ዳቦውን ቈርሰው ለነዳያን ያወጡት እርሳቸው ነበሩ።

ይህን የጻፍሁት አጥቢያችንን ለማስመስገን አይደለም። በብዙ አጥቢያ ከእኛ የተሻለ ሥርዓት እንዳለ አልጠራጠርም። ሐሳቤ ይህ ነው። ሰንበቴ ከአባቶቻችን የተቀበልነው የመስጠት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱም ድኻ የሚሰጥበት፣ ሀብታምም የሚቀበልበት በመሆኑ ነው። ድኻው ሊሰጥበት ካልቻለ የቀረው ግብዣ ነው እንጂ ሰንበቴ አይደለም። እንግዲህ ድግሱን ማሳነስ ሥርዓቱን ማሳነስ ሳይሆን ወደ መሠረቱ መመለስ ነው።

የቤተሰብ አባትና እናት የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፣ ሦስት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና አሳስባለሁ። ተራችሁ በደረሰ ጊዜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ድርሻውን የሚያድሉት እነርሱ ይሁኑ። በቡሄ ዕለት፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን ከየቤቱ ሙልሙል የተቀበሉ እጆች መስጠትንም ይልመዱ። በሩቅ አገር ያላችሁ ደግሞ ገንዘብ ስትልኩ ገንዘቡ በማን እጅ ዳቦ እንደሚሆን ጠይቁ፤ ስሙን ዕወቁት፤ ደውሉለት። በመጨረሻም፣ በሚመጣው እሑድ በሰንበቴ ቤታችሁ መደብ ላይ ስትቀመጡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቀድሞ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ የነበረ፣ ዛሬ ግን ከቅዳሴ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይኖር እንደ ሆነ መርምሩ። ከተገኘም ሙሴው እስኪልክበት አትቈዩ፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።